የመጨረሻዋን ያርድ ማን ይጠብቅ?

ዛሬ የምጽፈው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው። «ስንት የሚነገር ጉዳይ እያለን ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ካነበብኳቸው ብዙ የፖለቲካ ሐተታዎች ይልቅ ስለ ሀገራችን ያስተማረኝ፣ ግዙፋን ሰዎች እንደ ግንብ ተደርድረው አንዲት ያርድ መሬት የሚከላከሉበት ያ ጨዋታ ነው። መንገዱ የራቀ ቢመስልም መድረሻው እዚሁ ሳቢያን ነውና ታገሡኝ።

ጨዋታውን ያወቅሁት በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ፣ እኅቴ ዘንድ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ነው። የእኅቴ ልጅ በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ የፊት መስመር ተከላካይ ነበር። ኳስ ይዞ ሲሮጥ አላየሁትም። ነጥብ ሲያስቆጥርም አላየሁትም። ስሙ በድምፅ ማጉያ የተጠራበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። እናቱ ዓርብ ማታ በብርድ ተቆራምዳ የምታየው የልጇን ጀርባ ብቻ ነበር። «ይህ ልጅ እዚያ ውስጥ ሥራው ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃት «እኔ እንጃ፤ ይወድቃል፣ ይነሣል» ነበር መልሷ። ሥራው ምን እንደሆነ እያደር ገባኝ።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በየቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ (እነርሱ «ዳውን» ይሉታል) አሥር ያርድ ወደፊት መራመድ አለበት። አሥር ያርድ ከዘጠኝ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ እኛ በምናውቀው እግር ኳስ ቅጣት ምት ሲመታ ግድግዳው የሚርቅበት 9.15 ሜትርም ከዚሁ ከእንግሊዞች ያርድ የመጣ ነው። አሥሩን ያርድ ከሞላ አራት ሙከራ እንደ አዲስ ይሰጠዋል፤ ካልሞላ ኳሱን ለተቃራኒው ያስረክባል። ታዲያ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ሙከራ ላይ ተደርሶ የቀረው አንድ ያርድ ብቻ ሲሆን ጨዋታው መልኩን ይለውጣል። አንድ ያርድ 91 ሴንቲሜትር ነው፤ ሁለት ክንድ እንኳ አይሞላም። ሩቅ መወርወሩ፣ ሮጦ ማምለጡ ሁሉ ወደ ጎን ይባልና ሰው ከሰው ጋር ግንባር ለግንባር ይፋጠጣል።

በተለመደው ጊዜ ከፊት መስመር የሚቆሙት ተከላካዮች ሦስት ወይም አራት ናቸው። ከኋላቸው ላይንባከር የሚባሉ ሦስት ወይም አራት ሰዎች አሉ፤ የቀሩት ሩቅ የሚወረወረውን ኳስ ይጠብቃሉ። አንድ ያርድ ሲቀር ግን አሠልጣኙ ፈጣኖቹን እያስወጣ ከባዶቹን ያስገባል። በሰፊው ከሚታወቁት አሰላለፎች አንዱ «ስድስት ለሁለት» ነው፤ ስድስት ሰው ከፊት፣ ሁለት ላይንባከር ከኋላ። ቁጥሩ እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። አጥቂው በእንዲህ ያለ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ሰባት ሰው በመስመሩ ላይ ይደረድራል፤ ከመሐል ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚያቀብለው ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ ቀጥሎ ሁለት ታክሎች፣ ዳርና ዳር ሁለት ታይት ኤንዶች። ሰባት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም በመካከላቸው ስድስት፣ ከሁለቱ ዳሮች ውጭ ደግሞ ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ክፍተት ይፈጠራል። አሠልጣኞቹ ከመሐል ወደ ዳር ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እያሉ ስም አውጥተውላቸዋል፤ በግራ አራት፣ በቀኝ አራት። ስድስትና ሁለት ደግሞ ስምንት ነው። እያንዳንዱ ክፍተት ባለቤት አለው ማለት ነው።

የእኅቴ ልጅ እንዳስረዳኝ ከሆነ ባለቤቶቹ የሚያከብሯቸው ሦስት ሕጎች አሉ።

አንደኛው «ዝቅ በል» የሚል ነው። ተከላካዩ ሁለቱንም እጆቹን መሬት ላይ ያሳርፋል፤ ወገቡን ይሰብራል፤ ኳሷ ስትነቃነቅ ከተቃራኒው ደረት በታች ገብቶ ወደ ላይ ይገፋል። መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ መቶ ኪሎ የሚመዝነው ዝቅ ብሎ ያነሣዋል። «ዝቅ ያለ ያሸንፋል» የአሠልጣኞቹ የዘወትር አባባል ነው።

ሁለተኛው «ክፍተትህን አትልቀቅ» ነው። ኳሷ ወደ ቀኝ የሄደች ቢመስልህም፣ ጓደኛህ የተሸነፈ ቢመስልህም፣ አንተ የተሰጠህን ክፍተት ይዘህ ትቆያለህ። የዳሩ ሰው ወደ መሐል ከገባ ኳስ አቀባዩ በዳር ዞሮ ያመልጣል። ሰባቱ ሥራቸውን አሳምረው ሠርተው ስምንተኛው ለማገዝ ብሎ ቦታውን ቢለቅ፣ የሰባቱ ድካም ገደል ገባ ማለት ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ለሐበሾች ሳይከብድ አይቀርም። ከመሐል ያሉት ሁለቱ ተከላካዮች ኳሷን እንዲይዙ አይጠበቅባቸውም። ሥራቸው ሴንተሩና ጋርዶቹ እግር ሥር ገብቶ መውደቅ፣ የሰው ክምር መፍጠር፣ መንገዱን ማበላሸት ነው። ሯጩ በዚያ ክምር ላይ ዘሎ ሊያልፍ ሲል ከኋላ የቆመው ላይንባከር አየር ላይ ይቀበለዋል። ጭብጨባው የላይንባከሩ ነው፤ ከክምሩ ሥር ያለው ሰው በዚያ ሰዓት አፈር እየቃመ ነው።

ለዚህ ሁሉ ማሳያ የሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን ጥር 24 ቀን 1982) በሚሺጋን ግዛት በፖንቲያክ ከተማ 16ኛው ሱፐር ቦውል ተደረገ። ሳን ፍራንሲስኮ 49ርስ በሦስተኛው ሩብ 20 ለ 7 እየመራ ሳለ ሲንሲናቲ ቤንግልስ ከመጨረሻው መስመር ሦስት ያርድ ላይ ደረሰ፤ አራት ሙከራ በእጁ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ፒት ጆንሰን የተባለው ግዙፍ ሯጭ ኳሷን እስከ አንድ ያርድ አደረሳት። በሁለተኛው ራሱ ጆንሰን ሞከረ፤ ቆመ። በሦስተኛው ቤንግልሶች ብልጠት አሰቡ፤ ሁሉም ወደ መሐል ሲያይ ኳሷን በዳር በኩል ለቻርልስ አሌክሳንደር አቀበሉት። እዚያ የጠበቀው ዳን በንዝ የተባለ ላይንባከር ነበር። በንዝ ወደ መሐል አልተሳበም፤ ሰውየውን ወገቡ ላይ ይዞ ከመስመሩ ሳያልፍ ጣለው። በአራተኛው ጆንሰን እንደገና መጣ፤ ግንቡ እንደገና ቆመ። ጨዋታው 26 ለ 21 አለቀ። ልዩነቱ አምስት ነጥብ ነው፤ መስመሯን ማለፍ ብቻ ስድስት ነጥብ ያስገኝ ነበር። ሒሳቡን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ደግሞ አንድ ልጨምር። ፊላዴልፊያ ኢግልስ አንድ ያርድ ሲቀረው ኳስ አቀባዩን ከኋላ ሆኖ እየገፋ መስመር የሚያሻግርበት «ቱሽ ፑሽ» የተባለ ዘዴ አለው። ተከላካዮች መላ አጡለት። ከተቃራኒዎቹ አንዱ ግሪን ቤይ ፓከርስ «በሕግ ይታገድ» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. የ32ቱ ቡድኖች ባለቤቶች ድምፅ ሰጡ፤ 22 ይታገድ አሉ፣ 10 አይታገድ አሉ። ለማገድ የሚያስፈልገው 24 ድምፅ ነበርና ሐሳቡ ወደቀ። ሁለት ድምፅ ጎደለ፤ ብዙኃኑ ተሸነፈ፤ ሁሉም ወደ ልምምድ ሜዳው ተመለሰ። እንግዲህ ክፍተት የሚጠበቀው በሜዳው ላይ ብቻ አይደለም። ሕጉም የራሱ መስመር አለው፤ ያን መስመር የሚጠብቀው ደግሞ የተናደደው ወገን ራሱ ነው።

*  *  *

ወደ ሀገራችን ልምጣ። እኛ ይህን ጨዋታ አንጫወትም። የመጨረሻዋ ያርድ ግን በእኛም ሜዳ አለች።

10ኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1968 ዓ.ም. በሀገራችን ሲዘጋጅ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ የተጫወተው እዚሁ ድሬዳዋ ነበር፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ያኔ የዋንጫው ባለቤት የነበረችው ዛየር። ሳቢያን ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ሥራ ያሳለፉ አዛውንት አሉ፤ እነዚያን ጨዋታዎች በዓይናቸው አይተዋል። ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያወሩ ስለ ጎሎቹ ብዙም አይናገሩም። «እነዚያ ሞሮኮዎች» ይላሉ፣ «ሲመሩም ሲመሩባቸውም መልካቸው አንድ ነው። ማንም ከቦታው አይናወጥም።» ሞሮኮ ከምድቡ ስትወጣ ከሱዳን 2 ለ 2 ተለያይታ፣ ዛየርን 1 ለ 0፣ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፋ ነበር።

ያን ጊዜ ዋንጫው የሚለየው በፍጻሜ ጨዋታ ሳይሆን አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው በሚያገኙት ነጥብ ነበር። መጋቢት 5 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሞሮኮና ጊኒ ተገናኙ። ለሞሮኮ አቻ መውጣት ይበቃታል፤ ጊኒ ግን ማሸነፍ ነበረባት። ጊኒ በ33ኛው ደቂቃ በሼሪፍ ሱሌይማን ጎል መራች፤ ዋንጫውን የጨበጠች መሰለች። በ86ኛው ደቂቃ አሕመድ መክሩህ አገባና 1 ለ 1 ሆነ። ጊኒ ዋንጫውን ያጣችው አራት ደቂቃ ሲቀር ነው። አራት ደቂቃ ያችው አንድ ያርድ ናት።

የእኛም ቡድን ከዚህ ጽዋ ጠጥቷል። ከ31 ዓመት በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ በገባንበት በ2005 ዓ.ም.፣ ጥር 21 ቀን ደቡብ አፍሪካ ላይ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ነበርን። ከዚያ በቀሩት ደቂቃዎች ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ተቆጠረብን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አዲስ አበባ ላይ ከዚያችው ናይጄሪያ ጋር ተገናኘን። በኃይሉ አሰፋ አገባ፤ ሀገር ተንቀጠቀጠ። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በ90ኛው ደቂቃ እንደገና ፍጹም ቅጣት ምት፣ እንደገና ኢሜኒኬ፤ 2 ለ 1። በማግስቱ ግማሹ ዳኛውን ረገመ፤ ግማሹ አንድ ተከላካይ ይዞ አብጠለጠለ። «ያ ተከላካይ ብቻውን እዚያ የቀረው ማን ቦታውን ስለለቀቀ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ፍጹም ቅጣት ምት ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ሰው ስሕተት ይመስላል፤ ምንጩ ግን ከእርሱ ፊት የተከፈተው ክፍተት ነው። እኛ የምንፈልገው የሚወገዝ ወይም የሚወደስ አንድ ሰው ነው። ስምንት ሰው በአንድነት ማየት አለመድንም።

የእኅቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ለእረፍት ወደ ሳቢያን መጥቶ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያን አሰላለፍ ሊያሳያቸው ሞከረ። በአማርኛው ሲያጥርበት በኦሮምኛ፣ እርሱም ሲያጥር በሶማሊኛ ከልጆቹ መካከል የሚተረጉም አልጠፋም፤ ድሬ ናትና። ስምንቱን አቆመ፣ ለእያንዳንዱ ክፍተቱን በጣቱ አሳየ፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ኳስ ለሌላው ወገን ሰጠ። «ጀምሩ!» ሲል ስምንቱም በአንድነት ኳሷን ወደያዘው ልጅ ሮጡ። ልጁ ሳቅ ብሎ በባዶው ዳር አለፈ። አሥር ጊዜ ሞከሩ፤ ብዙውን ጊዜ እንደዚያው ሆነ። «አቦ፣ ኳሱ እኮ ወዲህ ነው! እዚያ ምን ልጠብቅ?» ይላል አንዱ። የእኅቴ ልጅ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ መጣና «ጋሼ፣ ሁሉም ኳሷን ያያል፤ የራሱን ቦታ የሚያይ የለም» አለኝ። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ልጆቹ አልነበረም።

*  *  *

ለድሬዳዋ ሰው «ክፍተት» የሚለው ቃል ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. በሌሊት የደረሰው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ጎርፍ የግንቡን ወፍራም ቦታ አይመርጥም፤ የሚመጣው በተሰነጠቀው በኩል ነው። የግንብ ጥንካሬ የሚለካው በደካማው ቦታ መሆኑን ይህች ከተማ በልጆቿ ሕይወት ተምራዋለች።

ይህን ያነሣሁት ስለዚያው ስለ ሜዳችን ለመናገር ነው። እኔ ኦሃዮ ሳለሁ የሜዳው ግማሽ በቆርቆሮ ታጠረ። «ለልማት ነው» ተባለ። ስመለስ እንደሰማሁት ነዋሪው ዝም አላለም፤ አርባ ያህል ሰው ሁለት ጊዜ ተሰብስቧል። ነገር ግን አርባውም የተናገረው ስለ አንድ ሰው ነው፤ ደብዳቤውን ስለ ፈረመው ኃላፊ። ማን እንደሆነ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ። የቦታው ፕላን የት እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። የአቤቱታው ቀነ ገደብ መቼ እንደሚያልፍ የቆጠረ አልነበረም። ሁሉም ወደ ኳሷ ሮጠ። ኃላፊው ከጊዜ በኋላ ተነሣ፤ ሰፈሩም ተደሰተ፤ አጥሩ ግን እዚያው ቆሟል።

ዘንድሮ «ቀሪው ግማሽም ሊታጠር ነው» የሚል ወሬ ሲመጣ አሰላለፉ ተለወጠ። የባቡሩ አዛውንት የሰፈሩን የድሮ ፕላን ቅጂ ከሣጥናቸው አወጡ። ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ሊለኩ የመጡትን ሰዎች ቀንና ሰዓት በዱቤ መዝገቧ ጀርባ መመዝገብ ጀመረች። ሕግ የተማረ አንድ ወጣት ቀነ ገደቡን ይቆጥራል። ሁለት እናቶች ሰኞ ሰኞ እየሄዱ «የደብዳቤያችን መልስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ሰኞ ሰኞ ግን ፀሐይ ነው፣ ወረፋ ነው፣ «ነገ ተመለሱ» ነው። ለእኔ የደረሰኝ ክፍተት ቃለ ጉባኤ መጻፍ ነው። ከዚያ ዝቅ ያለ ሥራ አላውቅም። ሰዎች ሲናገሩ ደማቸው ይሞቃል፤ እኔ «ቀስ በሉ፣ አልጻፍኩትም» እላለሁ። እስከ ዛሬ አጥሩ አልተገፋም። አሸነፍን ግን አልልም፤ አራተኛው ሙከራ ገና ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ሜዳ እንውጣ። በ1967፣ በ1983፣ በ2010 ዓ.ም. በሀገራችን ኳሷን የያዘው ሰው ተለውጧል። በየጊዜው ደስታችንም ተስፋችንም ንዴታችንም ያተኮረው በዚያ ሰው ላይ ነበር። ማን መጣ? ማን ሄደ? ከማን ወገን ነው? በዚያ ሁሉ ሩጫ መካከል ስንት ክፍተት ያለ ባለቤት ቀረ? ስልክ ሲደወልለት «መዝገቡን ሳላይ አልፈርድም» የሚል ዳኛ አንድ ክፍተት ነው። ያልተወራረደ ሒሳብ አግኝቶ በስሙ የሚጽፍ ኦዲተር ሌላ ክፍተት ነው። የመሬት መዝገቡን ገጽ ለማንም ብሎ የማይቀድ ጸሐፊ፣ ያላየውን ያላየ ብሎ የሚዘግብ ጋዜጠኛ፣ የተቆጠረውን ድምፅ እንደተቆጠረ በሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ፣ እነዚህ ሁሉ ክፍተት ጠባቂዎች ናቸው። ስማቸው በድምፅ ማጉያ አይጠራም። እናቶቻቸው የሚያዩት ጀርባቸውን ነው። እነርሱ ቦታቸውን ከለቀቁ ግን ከላይ የተቀመጠው ሰው መልአክ ቢሆን እንኳ ምን ይረባል?

«መከላከል ብቻውን ሀገር አይገነባም፤ ወደፊት መራመድ ያስፈልጋል» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። እኔም ሰው ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ይኑር አላልኩም። ነገር ግን የዚያን ጨዋታ አንድ ሕግ ልብ በሉልኝ፤ አራተኛው ሙከራ ከከሸፈ ኳሷ እዚያው በቆመችበት ቦታ የተከላካዩ ቡድን ትሆናለች። ወደፊት የመራመድ ዕድል የሚገኘው ያችን ሁለት ክንድ የማትሞላ መሬት ባለማስረከብ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ መራመድ የምንጀምረው ከኋላ፣ ካስረከብነው ላይ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ነገር ሲያናድደን፣ «ኳሷን የያዘው ማን ነው?» ከማለታችን በፊት «የኔ ክፍተት የትኛው ነው?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ይመስለኛል። መልሱ ትንሽና አሰልቺ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፊርማ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት። እኔም ነገ ስብሰባ አለብኝ፤ ደብተሩ ሊሞላ ጥቂት ገጾች ቀርተውታልና ሌላ መግዛት አለብኝ።

ቸር ይግጠመን።